«ሌባ ነው» የተባለው አባት

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ሐበሻ ወላጆች በየወሩ ለልጆቻችን ፊልም እናሳያለን። የዚህ ወር ተራ የ«ሳውንደር» ነበር። ኮሚቴው ሰረዘው። ምክንያቱ በቴሌግራም ግሩፓችን ተለጠፈ፦ «አባትየው ሌባ ነው፤ ልጆቻችን ምን ይማሩበታል?»

ሦስቴ አነበብኩት። ሌባ!

እስቲ ስርቆቱን እንየው። ጊዜው 1933 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ሉዊዚያና። ናታን ሊ ሞርጋን በሰው መሬት የሚያርስ ጥቁር ገበሬ ነው። አደን ወጥቶ ባዶ እጁን ገባ። ልጆቹ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው። ሥጋ ሰረቀ። ለዚያች ሥጋ አንድ ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደበት። ሊይዙት ሲመጡ ውሻውን ሳውንደርን እንኳን በጥይት አቆሰሉት።

አሁን ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። ይህ ሰው በኛ ቋንቋ ጭሰኛ ነው። መሬቱ የሌላ ነው። በዚያ አገር የጭሰኛው ዘር በብድር፣ ዱቄቱና ጨዉ በዱቤ ነበር። የዱቤውን መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? ባለመሬቱ! ምርት ሲገባ እሱው ይመዝናል፣ እሱው ይቀንሳል፣ በመጨረሻም «ዕዳህ አላለቀም፣ ለከርሞ» ይላል። ጥቁር ገበሬ «ሒሳቡ ተሳስቷል» ብሎ ነጭ ፊት ቢቆም በሕይወት መመለሱም ያጠራጥር ነበር። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ በእስክሪብቶ የሚወስደው «ጌታዬ» ይባላል። አንድ ሌሊት በእጁ የወሰደው ግን ሌባ። ይህን የሚለው ደግሞ አያቱ እኩል እያካፈለ ያረሰ የኛ ሰው ነው! ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባን ያናወጡት ለማን መሰላችሁ? ፊልሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የኛም ጭሰኛ ገና ነጻ አልወጣም ነበር።

እሺ፣ ፊልሙ ቀርፋፋ ነው። የኔም ልጅ መጀመሪያ ላይ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ያሳዝናልም። ታዲያ ያሳዝን!

ፊልሙን የደገፉትም ቢሆኑ አናደዱኝ። «ስለ ጽናት እኮ ነው» አሉ። ሚስቱ ርብቃ ባሏን የት እንዳሰሩት ብትጠይቅ ሸሪፉ አልነግርሽም አላት። የአሥራ ምናምን ዓመት ልጇ አባቱን ፍለጋ በእግሩ ወጣ። ጽናት የምትሉት ይሄን ነው? እኔ ግፍ ነው የምለው። መነሻ በሆነው ልብ ወለድ ውስጥ ስም ያለው ውሻው ብቻ ነበር፤ ለቤተሰቡ ስም ያወጣለት ፊልሙ ነው። እኛ ደግሞ መልሰን «ሌባው» አልነው።

መጨረሻ ላይ ውሻው ይጮኻል። ርብቃ ቀና ትላለች። ሩቅ መንገድ ላይ የሚያነክስ ሰው አለ። ርብቃን ሆና የምትጫወተው ሲሲሊ ታይሰን በዚያ አቧራ ላይ የሮጠችውን ሩጫ አይቼ አልጠግበውም። በዚያ ፊልም ለኦስካር ታጭታ ሳታገኝ ቀረች፤ የክብር ኦስካር የሰጧት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ልጄ እዚህ ጋ ሲደርስ ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠ።

ቅዳሜ እኔ ቤት ይታያል። ኮሚቴውም ይምጣ፤ ፈንዲሻ አለ።