ስለ አንድ «ክሊክ» ስንት ተረት እንስማ?

ኧረ ጎበዝ፣ «ምንጩ አይታወቅም» ብሎ መጻፍ ምን ያስከፍላል?

የእህቴ ልጅ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነው። ሲደውል «ዛሬ ካርታ ይዘን 5 ክሊክ በእግር ሄድን» ይለኛል። በእነሱ ቋንቋ አንድ ክሊክ አንድ ኪሎሜትር ነው። ስሙ ከየት መጣ ብዬ ኢንተርኔት ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩ!

አንዱ ይምላል ይገዘታል። የአውስትራሊያ እግረኞች ቬትናም ውስጥ እርምጃ እየቆጠሩ፣ በየ100 ሜትሩ የኤስኤልአር ጠመንጃቸውን ጋዝ መቆጣጠሪያ አንድ እርከን ያዞሩ ነበር አሉ። 10 ጊዜ ቀጭ ካለ አንድ ኪሎሜትር ሞላ፤ ስሙም ከድምፁ መጣ፤ «ክሊክ» በእንግሊዝኛ ቀጭ ማለት ነውና። ሲያምር!

ግን ያ መቆጣጠሪያ እኮ መቁጠሪያ አይደለም። ጠመንጃው ቀለሁን ተፍቶ ሌላ ጥይት እንዲጎርስ የሚገፋውን ጋዝ የሚመጥነው እሱ ነው። ጋዙ ካነሰ መሣሪያው ተቀርቅሮ ይቀራል። ደፈጣ በሞላበት ጫካ የገዛ ጠመንጃውን እያበላሸ፣ ያውም ቀጭ ቀጭ እያሰኘ የሚሄድ ወታደር የት ነው ያለው? እርምጃ ለመቁጠር ክር ላይ የተሰካ ዶቃ አለላችሁ። 100 ሜትር በሄዱ ቁጥር አንድ ዶቃ መሳብ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ጣጣ የለው።

ሌላው ደግሞ «ከጠመንጃ ማነጣጠሪያ ነው፤ ማነጣጠሪያው ለርቀት ሲስተካከል አንድ ቀጭታ አንድ ኪሎሜትር» ይላል። የዚያን ዘመን ኤም 16 አነጣጥሮ የሚመታው ግማሽ ኪሎሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ ኪሎሜትሩን ማን ላይ ሊተኩሱበት ነው?

እርግጡ ነገር ትንሽ ነው። ቃሉ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቬትናም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ወታደሮች ዘንድ ተስፋፋ። አገራቸው የመንገድ ርቀት የሚለካው በማይል ነው፤ የጦር ካርታቸው ግን በኪሎሜትር። 1 ለ50,000 በሆነው ካርታ ላይ እያንዳንዷ ካሬ 2 ሴንቲሜትር ናት፤ መሬት ላይ 1 ኪሎሜትር። በሬዲዮ ቀኑን ሙሉ «ኪሎሜትር፣ ኪሎሜትር» ሲል የሚውል ሰው ቢያሳጥረው ምን ይገርማል? ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ ግምት መሆኑንም ተናግሬያለሁ። የመዝገበ ቃላት ሰዎች እንኳ «ምንጩ አይታወቅም» ብለው በክብር አልፈውታል።

የሚያበግነኝ ደግሞ ሁሉም አንዱ ከሌላው ቃል በቃል መገልበጡ ነው። አስር ገጽ ብትከፍቱ ያው አውስትራሊያዊ፣ ያው ጋዝ። አሁን ይባስ ብለው ቪዲዮ ሠርተውለታል። ከነማጀቢያ ሙዚቃው!