አልፍሬድ ሽቶክ ያከራከረን ምሽት

በጀርመናዊው ኬሚስት በአልፍሬድ ሽቶክ ላይ ክርክሩን የጀመረችው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ናት። «ጋሼ፣ ራሱንም ረዳቶቹንም በሜርኩሪ የመረዘ ፕሮፌሰር እንደ ጀግና ሲወራለት አይዋጥልኝም» አለች።

ጡረታ የወጡት የኬሚስትሪ መምህር ወዲያው ተነሡባት። «ምን ምርጫ ነበረው ልጄ? ቦሮን የሚባለው ንጥረ ነገር ከሃይድሮጂን ጋር የሚሠራቸው ውህዶች እኮ አንዳንዶቹ አየር ሲነካቸው ይቀጣጠላሉ። የመስታወት መዝጊያ ላይ የሚቀባውን ቅባትም ይበሉታል። ስለዚህ አየር ከወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ፣ ቅባት በማይፈልግ የሜርኩሪ ቫልቭ እየከፈተና እየዘጋ አንድ በአንድ ለያቸው። የብረትን ውህዶች በሮማ ቁጥር ሁለትና ሦስት እያልን የምንለየውም እርሱ በፈረንጆቹ 1919 ባቀረበው ዘዴ ነው።»

«ሥራውን መች ናቅሁ? ሜርኩሪ መርዝ መሆኑ ግን ከጥንት የታወቀ ነው።»

«ከተከፈተ ዕቃ ቀስ እያለ የሚተነውን ማን አየው? ቀለም የለው፣ ሽታ የለው! ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረው ዓመታት አለፉ፤ ምክንያቱ የታወቀው በ1924 ነው። በ1926 የደረሰበትን ሁሉ ጽፎ አሳተመ፤ ስልክ ሊደውል ሲሄድ ቁጥሩ መንገድ ላይ ይጠፋበት እንደነበር ሳይቀር።»

እስከዚያ ዝም ብሎ የቆየው የሒሳብ ሠራተኛ እዚህ ላይ ገባ፦ «በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል መሆኑንስ? ከ1936 እስከ 1938 የጀርመን ኬሚካል ማኅበርን የመራውም በዚያው አገዛዝ ዘመን ነው።» መምህሩ ጥቂት ዝም አሉና «በዚህስ አልከራከርለትም» አሉ።

እኔ በረዳቶቹ ነገር ከልጅቷ ጋር ነኝ። መሣሪያውን የመረጠው እርሱ ነው፤ እነርሱ የሰጣቸውን አየር ተነፈሱ። ሆኖም የ1926ቱ ጽሑፍ ትልቅ ድፍረት ነው። በአእምሮው የሚኖር ፕሮፌሰር፣ ገና ሃምሳ ሳይሞላው፣ ማስታወስ እየተሳነኝ ነው ብሎ ስሙን ጽፎ ፈረመ። ጽፎም አልተቀመጠም፤ በጀርመኗ ከተማ በካርልስሩሄ እጅግ ጥቂት ሜርኩሪ የሚለካበትን ዘዴ ሲያበጅ፣ ከሜርኩሪ ስለሚሠራው የጥርስ መሙያም ሲያስጠነቅቅ ኖረ። ይህ ውለታ ግን የፓርቲ አባልነቱን አያጥብለትም፤ የጓዶቹን ጤና ለማዳን እንዲያ የጮኸ ሰው፣ አይሁድ የሙያ ባልደረቦቹ ከየዩኒቨርሲቲው ሲባረሩ ከአባራሪዎቹ ጎን መሰለፉ ያናድደኛል። ለተማሪ የሚያስተምር ሁሉ 1926ንም 1933ንም በአንድ ትምህርት ይንገር።