ኮ/ል በዛብህን በአባትነቱም እናስበው
ስለ አየር ኃይሉ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ስለ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ የጻፋችሁትን አነበብኩት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁሉም ሲያበረው ስለነበረው ሚግ የጦር ጄት ነው የሚያወራው፣ እኔን ግን የሚያንገበግበኝ የቤተሰቡ ነገር ነው። አስቡት እስኪ፣ በደርግ ጊዜ አንዴ ሻዕቢያ እጅ ወድቆ ከዛ መከራ የወጣ ሰው በ1990 ግንቦት በኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ሀገር ስትጠራው እንደገና በሮ አስመራ ላይ ተመታና ድጋሚ ተማረከ፣ እቤት ያሉት ያንኑ ጭንቀት ሁለቴ ማለት ነው። በሶማሊያ ጦርነት የተማረኩት እነ አብራሪው ጀነራል ለገሰ ተፈራ እንኳን ሶማሊያ 11 ዓመት ገደማ ታስረው በ1980 ለሀገራቸው በቅተዋል። በ2010 ከኤርትራ ጋር እርቁ ወርዶ አውሮፕላን አስመራ መመላለስ ሲጀምር በዛብህ የት ነው ብሎ ጮክ ብሎ የጠየቀ ባለስልጣን አልሰማሁም፣ በጣም ያሳዝናል። በህይወት አለ የለም የሚለውን ቤተሰቡ በይፋ ሊነገረው ይገባል፣ ይሄ መብታቸው ነው።