95 ፐርሰንት ብሎኝ ሳተ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ አንድ ልጅ ቤት አራት ሆነን ቡና እየጠጣን ነበር፣ ውጭ የሐምሌ ዝናብ ያወርደዋል፣ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ነው፣ ኤክስኮም 2 ተከፍቷል፣ ወታደሮችህን ተራ በተራ እያንቀሳቀስክ የምትዋጋበት ጌም ነው። የቤቱ ልጅ ወታደሮቹን ሁሌ በኛ ስም ነው የሚሰይማቸው፣ ጌሙ ስምም መልክም መቀየር ስለሚፈቅድ። እና በሞባይል ጠጋኙ ጓደኛችን ስም የተሰየመው አልሞ ተኳሽ 95 ፐርሰንት ይመታል ተብሎ ተጽፎለት ተኮሰ፣ ሳተ። ልጁ ወዲያው ከጥይቱ በፊት ያስቀመጠውን ሴቭ ሎድ አድርጎ ያንኑ ጥይት ደገመው፣ አሁንም ሳተ። ቀጥሎ ጠላት ከጎን ዞሮ መጣና ሰውየውን ገደለው። «ይሄ ጌም ሌባ ነው በቃ!» አለና ላፕቶፑን ገፋ አደረገው።

ሁለቴ የሳተው ዕጣው ሴቩ ውስጥ አብሮ ስለሚቀመጥ ነው፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያንኑ ካደረግክ ያው ነው የሚወጣልህ። ይሄን ስነግረው ጭራሽ ባሰበት። ያኔ አብራን የነበረችው ሂሳብ አስተማሪዋ ወሬው ውስጥ ገባች፣ «ስማ ወንድምዓለም፣ 95 ፐርሰንት የሆነ ጥይት 20 ጊዜ ብትተኩስ ቢያንስ አንዱ የመሳቱ ዕድል ወደ 64 ፐርሰንት ነው፣ አንተ ደግሞ በአንድ ቀን ከ20 በላይ ነው የምትተኩሰው፣ ምኑ ነው የገረመህ?»

ሞባይል ጠጋኙ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ዝቅ ባሉት ደረጃዎች ጌሙ እንደውም ላንተ ያዳላል አለ፣ በተከታታይ ስትስት ሳይነግርህ ዕድልህን ከፍ ያደርግልሃል፣ የሚጻፍልህ ቁጥር ግን አይቀየርም። እውነቱን ነው፣ ሠሪዎቹ ፊራክሲሶችም አልደበቁትም። የቤቱ ልጅ ይሄን ሲሰማ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፣ አስተማሪዋ ግን እዚህ ጋ ነው የተቆጣችው። «ይሄማ ይብሳል እኮ! ሰው በውሸት ቁጥር ለምዶ ለምዶ ሌጀንድ፣ የመጨረሻው ከባዱ ደረጃ ላይ ሲወጣ ድጋፉ የለም፣ 70 ያለው 70 ሆኖ ይመጣበትና ተበደልኩ ይላል፣ ያስለመደው ማን ሆኖ ነው?»

እሷ የምትወደው ኢንቱ ዘ ብሪች የሚባለውን ሌላ ጌም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን። 8 በ8 የሆነ ትንሽ ሜዳ፣ ሦስት ሮቦት፣ ጠላት ቀጥሎ የት እንደሚመታ ቀድሞ ይታይሃል፣ ያንተ ምት አይስትም፣ ዕድል የሚባለው ሕንፃዎቹ ጉዳቱን የመቋቋም ትንሽ ፐርሰንት ስላላቸው ነው እንጂ ሌላው ፊትህ ተዘርግቷል። «እንደ ገበጣ ነው፣ ጠጠሩ ሁሉ ይታያል፣ ከተሸነፍክ ያልቆጠርከው አንተ ነህ» አለች። ሞባይል ጠጋኙ ግን አልተዋጠለትም፣ እሱ እንቆቅልሽ ነው እንጂ ጦርነት አደለም፣ ጦርነት ውስጥ ሁሉን አውቀህ አትገባም ብሎ ድርቅ አለ።

ከዛ ወሬው ወደ ኤክስኮም 2 ታይመር ተዞረ፣ ሚሽኑን በዚህ ያህል ተራ ጨርስ የሚልህ ቆጣሪ። የቤቱ ልጅ በሱ ተማሯል፣ በ8 ተራ ኮምፒውተሩ ጋ ድረስ ምናምን የሚለው። «ተራ በተራ የሚጫወቱት ጌም ጥቅሙ ረጋ ብለህ ማሰብህ አደል እንዴ? ቡናህን እየጠጣህ፣ መብራት ቢሄድ እንኳ ሳትደነግጥ። ታዲያ ምን ያጣድፈኛል?» ብዙ ሰውም እንደሱ ነው የሚለው፣ ታይመሩን የሚያነሳ ሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሠሩት ማሻሻያ፣ የሠሩም አሉ።

እኔ ግን እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚሰድቡት ትክክለኛውን ነገር አደለም። የጌሙ ዋናው ችግር ፐርሰንቱም ታይመሩም አደለም፣ ጠላት የሚነቃበት መንገድ ነው። ጠላት በቡድን በቡድን ሆኖ ይንጎራደዳል፣ እስክትተያዩ ድረስ አይዋጋህም፣ ልክ ስትተያዩ ግን ባንተ ተራ መሃል ነፃ እርምጃ ተሰጥቶት ሮጦ መከታ ይይዛል። አምስቱን ልጆች አንቀሳቅሰህ ስድስተኛው አንዲት እርምጃ ሲጨምር አዲስ ቡድን ከነቃ አለቀልህ፣ አንተ ጋ የቀረ እንቅስቃሴ የለም፣ እነሱ ግን መከታ ይዘው ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የቀጣችህ እንግዲህ ያቺ እርምጃ ነች፣ ጥፋት ሆና አደለም፣ አታይም ነበራ። ለዛ ነው ከዚህ በፊት በወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2012ቱ ኤክስኮም፣ ሰው ሁሉ ሁለት እርምጃ እየተራመደ ጠመንጃ ደግኖ መጠበቅ የለመደው፣ ያዋጣል ግን ይሰለቻል፣ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለተኛውን ሲያወጡ ታይመሩን ያመጡት ይሄን መንፏቀቅ ለማስቆም ነው። መድኃኒት ነው ማለት ነው፣ በሽታው ግን እዛው አለ።

የተሻለው መድኃኒት መደበቁ ነበር። አብዛኛው ሚሽን ሳትታይ ነው የሚጀምረው፣ ጠላት ስር ተሽሎክልከህ ልጆቹን ጣራ ላይና አጥር ስር አስቀምጠህ መጀመሪያ የምትተኩሰው አንተ ነህ፣ እነዛ ሁለት ሦስት ተራዎች ከጌሙ ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። አንዴ ከተገለጥክ ግን ቡድንህ ተመልሶ አይደበቅም፣ ያው በሽታ ይመለሳል። እኔ ቢጠይቁኝ ማሻሻል የነበረባቸው ይሄን ነው።

ፐርሰንቱን ግን አልነካውም። ሙሉ መከታ 40 ይቀንስብሃል፣ ከጎን ከዞርክ ያ 40 የለም፣ ቦንብ ደግሞ አይስትም መከታውንም ያፈርሳል፣ ስለዚ 50 ፐርሰንት የሚያሳይህ ጌም እየለመነህ ነው፣ አትተኩስ ሌላ መንገድ ፈልግ እያለህ። አስተማሪዋ ስለ ውሸቱ ቁጥር ያለችው ልክ ነው፣ ድጋፉ ካለ በግልጽ ይጻፍ። ከኢንቱ ዘ ብሪች ጋር ሳወዳድረው ግን ያኛው ንጹሕ ነው፣ ስህተት አይወጣለትም፣ እንደ ኤክስኮም ግን አያስጨንቀኝም፣ ከሁለቱ አንዱን ውሰድ ብባል ኤክስኮምን ነው የምወስደው።

የቤቱ ልጅ ወደ ቀድሞው ሴቭ ሊመለስ እጁን ሲሰድ ሞባይል ጠጋኙ ያዘው፣ «ተወው፣ መታሰቢያው ላይ ስሜ ይኑር» አለው። ጌሙ ላይ የሞቱት ስም የሚቀመጥበት ግድግዳ የወታደሮቹ መርከብ ውስጥ አለ። ልጁ ትንሽ አሰበና በቀሩት አምስቱ ቀጠለ።