«ለጌጥ ነው የተከልሽው?»

እንግዶቹ ገና መውጣታቸው ነው። ሲኒው አልታጠበም፣ ቄጤማው አልተጠረገም፣ እኔ ግን ይህን ሳልጽፍ ዛሬ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አይዞርም።

ሁለተኛው ሲቀዳ እትዬ ተነሱና ወደ ጓሮ ወጡ። ሰውም ተከተላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ባምያውን አለፉት፣ ስኳር ድንቹን በእግራቸው ገፋ አድርገው አለፉት፣ ቲማቲሞቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቲማቲሞቹ በቁመት ይበልጧቸዋል። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ፍሬ ግን አንድም የለም።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ የሚበላ ነው ወይስ ለጌጥ ነው የተከልሽው?»

ሁሉም ሳቀ። ቡናዬን የጠጣ፣ ፈንዲሻዬን የበላ ሰው ሁሉ ሳቀ!

«እትዬ፣ ሙቀቱ ነው አበባውን ያረገፈው» አልኩ።

«ሙቀት? ሙቀትማ ለቲማቲም ሕይወቱ አይደል እንዴ! መቂ ሙቀት የለም? ዝዋይ ሙቀት የለም? በሳጥን በሳጥን አይደል እንዴ የሚጫነው? ውሃ ነስተሽው ነው እንጂ!»

ውሃ ነስተሽው ነው። በሰው ፊት። ትልቅ ሰው ናቸውና «እሺ እትዬ» ብዬ ዋጥ አደረግኩት። እዚህ ግን አልውጠውም።

መቂ ሙቀት አለ፣ አዎ። ግን መቂና ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ቲማቲሙ በብዛት የሚለማው በበጋ፣ በመስኖ ነው። ቀን ይሞቃል፣ ፀሐይ ስትገባ ግን ጋቢ የሚያስፈልግ ብርድ ይመጣል፤ አየሩም ደረቅ ነው። እኛ ያለንበት፣ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ሐምሌ ላይ ቀኑ 32 ዲግሪ፣ ሌሊቱ እስከ 24 ዲግሪ፣ ማለትም 75 ፋራናይት ይደርሳል። ንጋት ላይ በር ስትከፍቱ ፊታችሁ ላይ እርጥብ ፎጣ የተጣለ ይመስላችኋል። ይኼ ሙቀት ብቻ አይደለም፣ ወበቅ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ሰው ቢስተው ቲማቲም አይስተውም።

ቲማቲም ፍሬ መቋጠር አለመቋጠሩን ከቀኑ ሙቀት ይልቅ የሌሊቱ ይወስነዋል ብላችሁ ያዙት። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊቱ ከ21 እስከ 24 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቀናት ከደራረበ የአበባው ብናኝ ይመክናል። ወበቁ ደግሞ የተረፈውን ብናኝ ያጣብቀዋል፣ ከአበባው ውስጥ አይራገፍም። ማየት ለሚፈልግ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አበባውን የያዘችው ቀጭን አንገት መሃሏ ላይ አንጓ አላት። መጀመሪያ ያቺ አንጓ ቢጫ ትሆናለች። ከዚያ አበባውን በጣት ነካ ስታደርጉት እጃችሁ ላይ ይቀራል። እትዬ ያንን ቢጫ አንጓ ቢያዩት ኖሮ ምን ይሉ ነበር? የእግራቸው ሥር መሬቱ በረገፈ አበባ ተነጥፏል እኮ! ረግጠውት ነው የሳቁት።

ውሃ መጨመርማ ነገሩን ያባብሰዋል። በሳምንት 2.5 ሴንቲ ሜትር ውሃ በቂ ነው፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው፤ ዝናቡም ይቆጠራል። እሱንም በሁለት ቀን ከፍሎ፣ ማልዶ፣ ከሥሩ፣ ቀስ አድርጎ ማጠጣት። ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ስታዩት ባልዲ ይዛችሁ አትሩጡ! ጣታችሁን 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተክሉ ውሃ አልጠማውም፣ ሙቀቱን እየሸሸ ነው፤ ሲመሽ ራሱ ቀና ይላል። እርጥብ አፈር ላይ ውሃ ስትጨምሩ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ከዚያ በእውነት ይጠወልጋል፣ እናንተም «ውሃ ጎደለው» ብላችሁ ትደግሙታላችሁ። «ውሃ አነሰው» በሚል ምክር ስንት አትክልት ሰምጦ ሞቷል!

ማዳበሪያም እንደዚሁ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠል ያገዝፋል፣ አበባ ያዘገያል። እዚህ ላይ ያ አትክልት ቤት ትዝ ይለኛል፣ ባለፈው ወር። የቲማቲሙ ቂጥ ጠቁሮ ይበሰብሳል ስል ሻጩ መልስ ከመስጠቱ በፊት የሚረጭ የካልሲየም ጠርሙስ አነሳ። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም አለ እኮ! ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውሃው ነው፤ አንድ ቀን ደርቆ አንድ ቀን ሲጨቀይ ጉዞው ይቋረጣል። መድኃኒቱ እኩል ማጠጣትና ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ገለባ ማልበስ ነው። ገለባውን ከግንዱ አራት ጣት ራቅ አድርጋችሁ፣ አለበለዚያ ግንዱ ይሻግታል። ይኼን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከባድ ነው? ያው ቤት ሰኔ መጨረሻ ላይ የሰላጣና የድንብላል ችግኝ በር ላይ ደርድሮ ይሸጣል። ሰላጣ በዚያ ሙቀት ይመራል፣ ድንብላል በሁለት ሳምንት አበባ አውጥቶ ያልቃል። የሰላጣ ዘርማ አፈሩ ከ27 ዲግሪ በላይ ከሄደ እንቅልፍ ይይዘዋል፣ አይበቅልም። ያንን የሚገዛው ደግሞ ማነው? ዘንድሮ ገና የጀመረ፣ «እኔ እጄ አይቀናም» ብሎ በመስከረም ጓሮውን በሣር የሚሸፍን ሰው ነው። እጁ ምን አደረገ? የተሸጠለት ነገር ነው ወቅቱ ያልሆነው።

ስለ ወቅት ካነሳን አይቀር፣ እኛን ያሳተን አንድ ቃል ነው፦ ክረምት። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። አገር ቤት ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ብርድ ነው፤ ጎመኑ የሚለመልምበት ጊዜ። እዚህም በነዚያው ወራት ዝናብ ይዘንባል፣ ግን ከሙቀት ጋር። የሐበሻ ጎመን የደጋ ልጅ ነው። እዚህ ሰኔ ላይ ሲዘራ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ይመራል፣ ቶሎ ወደ አበባ ይሮጣል፣ ከሥር ደግሞ አረንጓዴ ትል ወንፊት ያደርገዋል። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ዝሩት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስስ መረብ ሸፍኑት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ትበላላችሁ። ቀለል ያለ ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል። ግንቦት ላይ ዘር የምትበታትኑ ወዳጆቼ፣ በየዓመቱ «ጎመኑ ምን ነካው?» ብላችሁ የምትደውሉልኝ፣ መልሴ ይኼው ነው። ሦስተኛ ዓመቴ ነው ስመልስ።

የካሊፎርኒያ ቪዲዮ የምትልኩልኝም እንደዚሁ። የዚያ ሰውዬ ጓሮ ደረቅ አየር ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ችግኞቹን አጠጋግቶ ይተክላል፣ ከላይ ውሃ ይረጫል፣ ምንም አይሆንም። እዚህ እንደዚያ ያደረገ ሰው በአሥር ቀን ውስጥ የታችኛው ቅጠል ላይ ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ያያል፣ መሃሉ ግራጫ፣ ዙሪያው ቢጫ። ሻጋታ ነው። ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ቅጠል ሲረጥብና ቶሎ ሳይደርቅ ሲቀር ነው የሚነሳው። ስለዚህ በቲማቲምና በቲማቲም መካከል ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በእንጨት ቀጥ አድርጎ ማሰር፣ ከመሬት እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ቅጠል መቁረጥ፣ እርጥብ ሳለ አለመንካት። የጎረቤቴ ውሃ የሚረጭ ማሽን እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ የአጥሩን ጥግ ሁሉ ያርሳል። ነግሬያለሁ። በደግነት ነው የነገርኩት። ዛሬም ሌሊት ይነሳል።

በሶብላዬን ያየ ሰው አለ? አላየም፣ ቲማቲም ላይ ሲስቅ ነበር። የያዘው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ፍሎሪዳ ውስጥ የታየ ሻጋታ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የበሶብላ ዘመድ በሆነው በባዚል ላይ አገር ምድሩን አዳርሷል። ቅጠሉ በደም ሥሮቹ መካከል ቢጫ ይሆናል፣ ማዳበሪያ ያነሰው ይመስላል። ገልብጣችሁ እዩት፣ ከሥሩ ግራጫ ወይን ጠጅ አቧራ አለ። እሱን ካያችሁ ማዳን የለም፣ የቀረውን ንጹሕ ቅጠል ወዲያው ቆርጣችሁ አድርቁ። ለድልህና ለበርበሬ የተጠበቀ በሶብላ ነበር! ይኼ ነው እኔን የሚያናድደኝ፣ ቲማቲም አይደለም።

አንድ ጠዋት የቆመ ተክል ድንገት አረንጓዴ እንዳለ ቢወድቅ ደግሞ ግንዱን አፈሩ አጠገብ እዩት። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገርና በላዩ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ እንክብሎች ካሉ የአፈር ሻጋታ ነው፤ ተክሉን ከዙሪያው አፈር ጋር ነቅላችሁ በቆሻሻ ከረጢት አስወጡት፣ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉት፣ እንክብሎቹ ለዓመታት ይቆያሉ። ጥጡ ከሌለ ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። ጥቂት ቆይቶ ከቁስሉ ወተት የመሰለ ክር ሲወርድ ካያችሁ ባክቴሪያ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ደበርጃን፣ ድንች ለዓመታት አትመልሱ።

ደግሞ ጥላው! ከ30 እስከ 40 በመቶ ፀሐይ የሚቀንስ የጥላ ጨርቅ ከቀትር በኋላ ቢዘረጋ ለቃሪያውና ለቲማቲሙ ትንሽ እፎይታ ነው። ሌሊቱን አያበርድም፣ ግን ቃሪያው ፍሬው ላይ በፀሐይ እንዳይላጥ ያደርጋል። ዘረጋሁ። በሳምንቱ ከመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ መጣ፣ የመንደሩን ገጽታ ያበላሻል ይላል። ባዶ የፕላስቲክ መዋኛ በየጓሮው ተገልብጦ የተጣለበት መንደር!

ቲማቲም ግድ ነው የምትሉ፣ ትንንሹን ዓይነት ትከሉ፣ እሱ ሙቀት ውስጥም ይቋጥራል። ትልቅ ፍሬ ከፈለጋችሁ እንደ ሶላር ፋየርና ሂትማስተር ያሉ ለሙቀት የተዳቀሉ ዝርያዎች አሉ። ከረፋዱ ላይ፣ ቅጠሉ ሲደርቅ፣ የአበባውን ዘለላ ከኋላው በጣት ቶክ ቶክ አድርጉት፣ ብናኙ ይራገፋል። እና አትንቀሉት! ነሐሴ መጨረሻ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያ «ለጌጥ» የተባለው ተክል ራሱ ይቋጥራል። ቲማቲም ነው፣ ይመለሳል። ያን ጊዜ ግን ቡና ጠጪ አይኖርም።

የሚያንገበግበኝ ግን ሳያዩ ያለፉት ነው። በዚህ ወበቅ የሚደሰቱ አትክልቶች እዚያው እግራቸው ሥር ነበሩ፣ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

ስኳር ድንቹ ሐረጉ ሦስት ሜትር ሄዷል። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ አፈሩ ከሞቀ በኋላ፣ የሐረጉን ቁርጥ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት መትከል ብቻ ነው። ማዳበሪያ አታብዙበት፣ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ለጋው ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ይጠበሳል። ይህን ስናገር «የከብት መኖ ልታበይን ነው?» ያለ ሰው አለ። አጋዘኖቹ ግን ያውቁታል፣ ካልታጠረ በአንድ ሌሊት ይጨርሱታል።

አሉማውማ፣ አማራንት የሚባለው የሚበላ ቅጠል፣ አረም ነው ተብሎ ሊነቀል ለጥቂት ነው የተረፈው። የእንግዳ እጅ ሥር ነበር፣ ጮህኩ። ዘሩ ከጤፍ ብዙም አይለይም፣ አፈር ሳትጭኑበት ዳበስ አድርጉት፣ በአምስት ሳምንት ይደርሳል። 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግማሹን ቁረጡ፣ ከጎን ያቆጠቁጣል። ስፒናች በዚህ ወበቅ በአንድ ሳምንት ሲያልቅ አሉማ እስከ ውርጭ ይሰጣል። ማላባር ስፒናችም አጥር ላይ ይወጣል፣ ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ወጥ ውስጥ ሲገባ ይዝለገለጋል፣ የማይወደው ሰው አሉማውን ይያዝ። ደበርጃን ችግኝ ሳለ ጥቃቅን ጥቁር ጥንዚዛ ቅጠሉን በመርፌ የተወጋ ያስመስለዋል፤ አበባ እስኪያወጣ በስስ መረብ ሸፍኑት፣ ከዚያ ግለጡት። ፎሶሊያ በሙቀቱ አበባ ቢያራግፍ ረጅሙን የእስያ ፎሶሊያ ሞክሩ።

ባምያው! ቤኒሻንጉልና ጋምቤላ ያደገ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ባምያው ጋ ነበር የሚቆመው። ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በተክልና በተክል መካከል ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር። አፈሩ ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ ዘሩ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ በሚያዝያ አትቸኩሉ። ክሌምሰን ስፓይንለስ የሚባለው ዝርያ እሾህ የለውም ይባላል፣ ጸጉሩ ግን ክንድ ያሳክካል፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ። አበባው ጠዋት ይፈነዳል፣ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ጉሮሮው ጥቁር ቀይ፣ ማታ ይከደናል፣ በቃ፣ የአንድ ቀን ነው። ዛሬ አራቱ ፈንድተው ነበር። እትዬ ነጠላቸው እየነካቸው አለፉ።

ፍሬው ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ነው የሚለቀመው፣ በዚህ ሙቀት በየሁለት ቀኑ። ሦስተኛ ቀን ካደረ እንጨት ነው፣ ቢላ አይቆርጠውም፤ ተክሉም ዘር ያደረስኩ መስሎት አበባ መስጠት ይቀንሳል። ዛሬ በእንግዳ ምክንያት ሳልለቅም ዋልኩ። ነገ ማልጄ መነሳት አለብኝ።