ስቴክ የተደረገ ኮይን ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ኮይኑን ስቴክ የሚያደርግ ሰው የዋሌቱን ቁልፍ ራሱ መያዝ አለበት እንጂ ለኤክስቼንጅ ማስረከብ የለበትም።» (ስቴክ ማድረግ ማለት ኮይንን፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብን፣ ክፍያ ለማግኘት ለኔትወርኩ ሥራ በመያዣነት ማስቀመጥ ነው፤ ዋሌት ኮይን የሚያዝበት ፕሮግራም ወይም መሣሪያ፣ ቁልፍ ኮይኑን ለማዘዝ የሚፈረምበት ምስጢራዊ ኮድ፣ ኤክስቼንጅ ደግሞ ኮይን የሚያገበያይና ለደንበኞቹ የሚያስቀምጥ ድርጅት ነው።)

አቅራቢ፦ ብዙ ሰው ኮይኑን ለአንድ ድርጅት አስረክቦ፣ በስልኩ ላይ እያደገ የሚያየውን ቁጥር የራሱ ገንዘብ አድርጎ ይቆጥራል። ኮይን ተቀብሎ ወለድ ይከፍል የነበረው ሴልሲየስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ደንበኞቹ ገንዘባቸውን እንዳያወጡ አገደ፤ በቀጣዩ ወር ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ የኒውዮርኩ ዳኛ ወለድ በሚከፈልበት ሂሳብ የተቀመጠው ኮይን የድርጅቱ እንጂ የደንበኞቹ ንብረት አይደለም ብለው ወሰኑ፤ ደንበኞቹ ሳያነቡ «እስማማለሁ» ያሉት ውል እንዲያ ይል ነበርና።

ቁልፍን ይዞ ስቴክ ማድረግ በአንጻሩ የሚያስፈራ ነገር የለውም። በኢቴሪየም ኔትወርክ ላይ ቫሊዴተር (ዝውውሮችን የሚያረጋግጥ ፕሮግራም) የሚያንቀሳቅስ ሰው ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለው፤ አንደኛው ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ይፈርማል፣ ገንዘቡ የሚወጣበት ሁለተኛው ግን ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። የመፈረሚያው ቁልፍ ቢሰረቅ ሌባው ከተቀማጩ የሚቆረጥ ቅጣት ሊያስከትል ይችል ይሆናል እንጂ ቫሊዴተር ለማስነሣት የሚያስፈልገውን 32 ኢተር (የኢቴሪየምን ኮይን) ወደ ራሱ ሊያዞር አይችልም፤ የመውጫ አድራሻው አንዴ ከተመዘገበ አይቀየርምና። ካርዳኖ በተባለው ሌላ ኔትወርክማ ኮይኑ ከዋሌቱ ሳይወጣ ነው ስቴኪንጉን ለሚያካሂድ ሌላ ሰው ውክልና የሚሰጠው። ከባለቤቱ የሚጠበቀው ቁልፉን መልሰው የሚያስገኙትን ሃያ አራት ቃላት በወረቀት ጽፎ ከሰው ዓይን ማራቅ ብቻ ነው፤ ይህ ያቃተው ሰው ገንዘብ ባይይዝ ይሻለዋል።

ተቃዋሚ፦ የጽሑፉ እውነተኛ መንፈስ የታየው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ይህ ያቃተው ሰው ገንዘብ ባይይዝ ይሻለዋል»! ለመሆኑ ይህ ያቃተው ሰው ማን ነው? ቃላቱ የሚወጡት 2048 ቃላት ካሉበት ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ፣ በስፓኒሽና በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ሲገኝ በአማርኛ ግን የለም። በገልፍ አገር በሰው ቤት እየሠራች ጥሪቷን በኮይን ያስቀመጠች፣ እንግሊዝኛ የማታነብ እህታችን ያን ወረቀት የት ታኖረዋለች? አሠሪዋ ሻንጣዋን ቢፈትሹስ? ወረቀቱ ቢጠፋ አቤት የምትልበት ቦታ የለም። ስልኳ ቢጠፋ ግን ፓስፖርቷን አሳይታ የኤክስቼንጅ ሂሳቧን ማስመለስ ትችላለች። ባይቢት የተባለው ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ኢተር ሲዘረፍ ጉድለቱን የሸፈነው ድርጅቱ ራሱ ነው፤ ደንበኞቹ አልከሰሩም። አቅራቢው ቤታቸው ተቀምጠው ቢዘረፉ ማን ይተካላቸዋል?

አቅራቢ፦ የአንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር ዝርፊያ ለደኅንነት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በኖቬምበር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው ኤክስቼንጅ ሲወድቅም ደንበኞቹ ፓስፖርታቸውን ይዘው ነበር።

እህታችንን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ቃል በመጀመሪያ አራት ፊደላቱ ብቻ ተለይቶ እንዲታወቅ ሆኖ የተመረጠ ነው፤ ትርጉሙን ማወቅ አያስፈልግም። ለቤተሰቧ ብር ስትልክ የማስተላለፊያ ቁጥሩን አንድ ሳትስት ገልብጣ ወደ አገር ቤት የምትልክ ሴት እነዚህን ፊደላት መገልበጥ ያቅታታል ማለት እርሷን መናቅ ነው፤ ንቀቱም ከእኔ የመጣ አይደለም። ተቃዋሚዬ ስለ ሴልሲየሱ ፍርድ አንዲት ቃል አለመተንፈሳቸውንም አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ተቃዋሚ፦ ገንዘብ ባይይዝ ይሻለዋል ያለ ሰው ስለ ንቀት ሊያስተምረኝ ተነሣ። ይሁን።

ባይቢት እንዴት እንደተዘረፈ ግን አልነገሩንም። ዝውውሩን ያጸደቁት ሰዎች የሃርድዌር ዋሌት (ቁልፉን በውስጡ የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) በእጃቸው ነበር። ሌቦቹ፣ ሰዎቹ ዝውውር የሚያጸድቁበትን ድረ ገጽ ኮድ ለውጠው ስለነበር ኮምፒውተሩ የተለመደ ዝውውር አሳየ፤ ትንሿ መሣሪያም የሚፈረመው ምን እንደሆነ በሚነበብ መልኩ አላሳየችም፤ ፈረሙ። ከእጃቸው የወጣ ቁልፍ አልነበረም፤ ገንዘቡ ግን ሄደ። ለእነዚህ ባለሙያዎችስ ገንዘብ ባይይዙ ይሻላቸው ነበር?

አቅራቢ፦ ያልገባቸውን ከመፈረም ቢታቀቡ ይሻላቸው ነበር። እኔ የተናገርኩት ተቀማጩ አንዴ ተፈርሞበት ስለሚቀመጥበት ስቴኪንግ ነው እንጂ፣ ባገኘው ገጽ ሁሉ ዋሌቱን እያገናኘ «አጽድቅ» የሚለውን ስለሚጫን ሰው አይደለም። ጠንቃቃ ሰው ለድረ ገጾች ጥቂት ገንዘብ ብቻ ያለበት ሌላ ዋሌት ይለያል፤ በመሣሪያው ላይ ሳያነቡ መፈረምን የሚፈቅደውን ምርጫ ይዘጋል፤ ተቀማጩ የሚገባበትን ኮንትራት (በኔትወርኩ ላይ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) አድራሻ ከአንድ በላይ በሆነ ምንጭ አመሳክሮ ያረጋግጣል፤ በቴሌግራም «የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ፣ ቃላትህን ላክልኝ» ለሚለው ሰው መልስ አይሰጥም። አንዱን የመፈረሚያ ቁልፍ፣ እንዳይቋረጥብኝ ብሎ፣ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ አያስኬድም፤ በርካታ ቫሊዴተሮች የተቀጡት ሌባ ገብቶባቸው ሳይሆን በዚህ ጥፋት ነው።

ተቃዋሚ፦ በመጀመሪያው ዙር የሚጠበቀው ወረቀት «ብቻ» ነበር። አሁን ሁለት ዋሌት፣ የተዘጋ ምርጫ፣ የተመሳከረ አድራሻ፣ ሌሊትና ቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ሆኗል። 32 ኢተር ያለውስ ስንቱ ነው? ያነሰ ያለው ሰው የሌሎች ሰዎች ኮንትራት ውስጥ ገብቶ ከብዙዎች ጋር መጠራቀሙ አይቀርም፤ ያኔ ቁልፉ በእጁ ቢሆንም ኮይኑ በሌላ ሰው ኮድ ውስጥ ነው። ይህች እህት በኤክስቼንጅ ሂሳቧ ላይ ኮይን ሊወጣበት የሚችለውን አድራሻ አስቀድማ ብትወስን፣ የማረጋገጫ ኮዱንም በኤስኤምኤስ መቀበል ትታ በመተግበሪያ ብታደርገው፣ አቅራቢው ከዘረዘሩት ሁሉ የተሻለ ጥበቃ ይኖራታል። ወይስ እርሷም ባትይዝ ይሻላት ይሆን?

አቅራቢ፦ አንዲት ዓረፍተ ነገሬን ለሦስት ዙር ማላመጥ ክርክር መስሎ ከታያቸው አልከለክላቸውም። 32 ኢተር የሌለው ሰው ስቴክ ባያደርግስ ምን ይሆናል? ኮይኑ ዋሌቱ ውስጥ እንደተኛ ቢቆይ የሚቀርበት በዓመት ጥቂት በመቶ ነው፤ ካርዳኖ ከሆነ ያለውም ደግሞ ይህ ገደብ አይመለከተውም። አድራሻ አስቀድሞ መወሰን ሌባው በደንበኛዋ ሂሳብ ገብቶ ገንዘብ እንዳያወጣ ይረዳል፤ ኤክስቼንጁ ራሱ በሩን ዘግቶ «ማውጣት ቆሟል» ያለ ዕለት ግን የሚጠቅማት ነገር የለም። በሴልሲየስ ደንበኞች ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ መልስ የጠበቅሁትም ለዚሁ ነው።