«የጨረቃ ቤት ነው»፦ በናይት ኤልፍ ላይ የተደረገ ክርክር

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ዋርክራፍት 3 በተባለው የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ ውስጥ ካሉት አራት ወገኖች ደካማው ናይት ኤልፍ ነው።» ሐሳቡን የሚደግፈው «መጥረቢያ» ነው፤ የሚጫወተው ኦርክ የተባለውን ወገን ነው። የምትቃወመው «ጨረቃ» ናት፤ ከኤልፍ ሌላ ነክታ አታውቅም።

መጥረቢያ

ኤልፍ ሲያዩት ያምራል። ዛፉ ይራመዳል፣ ሴቶቹ ነብር ይጋልባሉ፣ ሲመሽ ባሉበት ቆመው ከዓይን ይሰወራሉ። ውጊያ ሲጀመር ግን ፊት ቆሞ ዱላ የሚችል ወታደር የለም። የኦርክ እግረኛ ግራንት 700 ሕይወት አለው፤ የኤልፍ ቀስተኛ አርቸር የዚያን ሲሶ ገደማ ብትይዝ ነው። ጥሩሯም መካከለኛ ስለሆነ የግራንት መጥረቢያ ሲያርፍባት ጉዳቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ከኋላ ትተኩስ ትሉኛላችሁ። ከማን ኋላ?

«ሙን ዌል (የጨረቃ ጉድጓድ) አለን፣ የቆሰለውን እናድናለን» የሚሉም አሉ። ሙን ዌል ማናው (የአስማት ኃይሉ) የሚሞላው ሌሊት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ካስጨረስኳችሁ በኋላ እስኪመሽ ድረስ የደረቀ ጉድጓድ ነው። ባጭሩ የጨረቃ ቤት ነው፤ ሌሊት ይቆማል፣ ቀን ግብረ ኃይል ሲመጣ ይፈርሳል።

ጨረቃ

የጨረቃ ቤት የሚፈርሰው ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። የኔ ቤት አይጠብቅም። ወታደር የሚያሠለጥነው ዛፌ ኤንሸንት ኦፍ ዎር ሥሩን ነቅሎ ይሄዳል፣ በጨዋታው መጀመሪያ ከጀግናዬ ጋር ወጥቶ አውሬ ይደበድባል፣ ሲቆስል ዛፍ በልቶ ያገግማል። የኦርክ ማሠልጠኛ ባራክ ከቆመበት ንቅንቅ ሲል አይቼ አላውቅም።

ስለ ኢኮኖሚው አንድም ቃል አለመተንፈሱን ልብ በሉ። የኦርክ ሠራተኛ ፒዮን በ75 ወርቅ ይገዛል፤ የኔዋ ሠራተኛ ዊስፕ በ60። ፒዮን እንጨት ተሸክሞ ሲመላለስ ይውላል፤ ዊስፕ ዛፉ ላይ እንደተቀመጠች በየ8 ሴኮንዱ 5 እንጨት ትሰጠኛለች፣ ዛፉንም አትቆርጠውም። ስትፈልግ ደግሞ ራሷን አፈንድታ አጠገቧ ካለው አስማተኛ ሁሉ 50 ማና ትነጥቃለች። ወታደሬን ድራያድን አስማት የሚባል ነገር አይነካትም። ጀግናዬ ዲመን ሀንተር የጠላትን ጀግና ማና ያቃጥላል። ይህን ሁሉ ዘልሎ «ከማን ኋላ?» ይለኛል።

ሙን ዌሉንም እንዲሁ ነው የሚያየው። ጉድጓዱ የሞላ ኤልፍ በራሱ ቤት አይሸነፍም። ለመሆኑ ደቡብ ኮሪያዊው ተጫዋች ጃንግ ጄ-ሆ «ሙን» የሚለውን ስም ይዞ ዓለምን ያስጨነቀው በየትኛው ወገን ነው? በደካማው?

መጥረቢያ

«አይሸነፍም።» ይህን ቃል አንሥቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ ወደፊት ይጠቅመኛል።

እህቴ፣ በዚህ ጨዋታ አንድ ሙሉ ቀን 8 ደቂቃ ነው። 4ቱ ሌሊት፣ 4ቱ ቀን። አንቺ የማትሸነፊው በግማሹ ሰዓት ነው ማለት ነው። በቀረው ግማሽ ምን ትሆኛለሽ? ስለዚህ ምንም አላልሽም።

የሚሄደው ቤትሽም ገርሞኛል። እየሄደ ሳለ ወታደር ያሠለጥናል? አያሠለጥንም፤ መጀመሪያ ተመልሶ ሥሩን መትከል አለበት። ስለዚህ ከመጣሁብሽ ሁለት ምርጫ አለሽ፦ ቆመሽ መፍረስ ወይም ሥራ ፈትተሽ መሄድ። ተኩላ ጋላቢው ወታደሬ ራይደር ቤት ላይ ይበረታል። ከኋላው ደግሞ ዲሞሊሸር አለ፤ ስሙ ራሱ አፍራሽ ማለት ነው። ዊስፕሽ ዛፍ አትቆርጥም ብለሽ በተመጻደቅሽበት ጽሑፍ ላይ ቤትሽ ዛፍ መብላቱን መጻፍሽን ደግሞ ሳልታዘብ አላልፍም።

ወደ ሙን ልምጣ። ሙንን ሰዎች ምን ብለው ይጠሩት ነበር? «አምስተኛው ወገን»! ወገኖቹ አራት ሆነው ሳለ ለምን አምስተኛ አሉት? ሰውየው የሚጫወተው ነገር ሌላው ሰው የሚያውቀው ኤልፍ ስላልሆነ ነዋ። ምስክርሽን ራስሽ ጠርተሽ ለኔ መሰከረልኝ።

ጨረቃ

እህትህ አይደለሁም። በመጀመሪያው ጽሑፌ «ወንድሜ» አላልኩህም፤ አንተም ተወው።

ሙን ዊስፑን ከየት አመጣው? ለሱ ብቻ የተሠራ አርቸር ነበረው? የሱ አርቸርና የኔ አርቸር ሕይወታቸውም ጥሩራቸውም አንድ ነው። አምስተኛው ወገን ያሰኘው ሌላው ሰው በኤልፍ ውስጥ ያላየውን ስላየ ነው። ያላየ ሰው «የለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ እየሆነ ያለውም ይኸው ነው። ቅጽል ስም ይዞ ወታደር ቆጠርኩ ማለት ግን ያስቃል።

አሁን ደግሞ ስለ ቀን እናውራ፣ እሱ ካልጨነቀህ። አንተ ቀን ስትመጣ በምን ትመጣለህ? በጀግናህ በብሌድማስተር። ብሌድማስተር ምን ያደርጋል? ዊንድ ዎክ የተባለ አስማቱን ተጠቅሞ ይሰወራል፣ በጠራራ ፀሐይ ግቢዬ ገብቶ ዊስፕ ይገድላል፣ ስከበው ተሰውሮ ይወጣል። እኔ በጨለማ መሰወሬ ድክመት ነው፤ የሱ በብርሃን መሰወር ጀግንነት ነው! ጥቃት ሲደርስባችሁስ ፒዮናችሁን ቡሮው በተባለው ምሽግ ውስጥ ከትታችሁ በቀዳዳ ጦር የምትወረውሩ እናንተ አይደላችሁም? «ፊት ቆሞ ዱላ የሚችል» የተባለው ይኼ ነው?

መጥረቢያ

ክብርት ጨረቃ፣ «እህቴ» ማለቴ ካስቀየመዎት ከእንግዲህ አንቱ እልዎታለሁ።

ክርክራችን ኤልፍ ደካማ ነው አይደለም የሚል ነበር። አሁን ብሌድማስተር ፈሪ ነው አይደለም ወደሚል ወስደውታል። ደግ። ብሌድማስተር ፈሪ ይሁን። ፈሪው ዊስፕዎን ገድሎ መውጣት ከቻለ ደካማው ማን ነው? ደግሞም የሚሰወረውን የሚያጋልጥ ደስት ኦፍ አፒራንስ የሚሸጠው በገዛ ሱቅዎ ነው፣ ኤንሸንት ኦፍ ወንደርስ ውስጥ። ገዝተው ቢይዙ ኖሮ ይህ ሁሉ እሮሮ ባልተሰማ።

«አይሸነፍም» የሚለው ቃል አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። አልመለሱልኝም። ቀን ላይ ጉድጓዱ ደርቆ ሲያገኙት ምን እንደሚያደርጉ እየጠበቅኩ ነው።

እኔ ደካማ ያልኩት ለተራ ተጫዋች ነው። ሦስት አራት ወር ለተጫወተ ሰው ኦርክ ስሕተቱን ይሸፍንለታል፤ ግራንቱ ሁለት ምት በከንቱ ቢቀበል አይሞትም። ኤልፍ ግን አንድ ጊዜ ዓይኑን ካነሣ አርቸሮቹ አልቀዋል። በሺህ አንድ ሰው ብቻ በቅጡ የሚይዘውን ወገን ጠንካራ ልንለው ነው?

ጨረቃ

«ለተራ ተጫዋች»! ወደ ላይ ተመለሱና የመከራከሪያውን ሐሳብ አንብቡ። «ለተራ» የሚል አለበት? «ሦስት አራት ወር» የሚል አለበት? ጥይቱ ሲያልቅበት ዒላማውን አንሥቶ ወደ ራሱ አቀረበው። እኔ ደግሞ ብሌድማስተር ላይ ወሰድሽው ተብዬ ተወቀስኩ።

እንግዲያው ኤልፍ ከባድ ነው እንጂ ደካማ አይደለም ማለቱ ነው። በዚህ እስማማለሁ። እሱ ግን ከኔ ጋር መስማማቱን ገና አላወቀም።

አንቱታውንም ለሚገባቸው አቆይልኝ። ለኔ አንቺ ይበቃኛል።

ስለ ደረቀው ጉድጓድ በወሬ አልመልስልህም። ቅዳሜ ከሰዓት እንጫወት። ካርታውን ምረጥ፣ ብሌድማስተርህን ይዘህ ና። ጨዋታው ሲጀምር ጠዋት ስለሆነ ያንተ ቀን ነው። ሳይመሽ ለመጨረስ ግን 4 ደቂቃ እንኳ የለህም።

መጥረቢያ

እመጣለሁ። ደስትሽን ገዝተሽ ጠብቂኝ።